መስኮቱን ማን ከፈተው?

«ቤቴ ሰይጣን ገብቷል፤ ነይና ገላግይኝ!»

እንዲህ ያለችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ሰይጣን ገባበት የተባለው ቤት ያለው ደግሞ አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ ነው። እኔ እንኳ የሄድኩት እ.ኤ.አ. በ2024 እንቁጣጣሽን አብሬያት ላሳልፍ ነበር። ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ፣ ውሃ እንኳ ሳልጠጣ፣ እጄን ይዛ ወደ ልጇ ክፍል ወሰደችኝ። በሩን ገፋ አደረገችና «በይ እዪልኝ!» አለች።

አየሁ። ግድግዳው ላይ አራት ሥዕሎች ተደርድረዋል። የአራቱም መደብ ጥቁር ነው፣ የድስት ቂጥ የመሰለ ጥቁር! በጥቁሩ መሐል ነጭና ቀይ ብቻ ይታያል። አንደኛው ላይ ከክርናቸው የተቆረጡ የሚመስሉ ሁለት የገረጡ እጆች ለሁለት የተከፈለ ፍሬ ይዘዋል። ሌላኛው ላይ አበባ፣ ሦስተኛው ላይ የተተረተረ ጨርቅ፣ አራተኛው ላይ ደግሞ መስኮት።

«ማን ሞተብንና ነው ይሄ ሁሉ ጥቁር? ይቺ ልጅ በቁሜ ልትቀብረኝ ነው እኮ! እጁን ደሞ እዪው፣ የሬሳ እጅ!» አለች እህቴ። ጠበል ልታስረጭ አስባ እንደነበርም ነገረችኝ። ልጅቷ 19 ዓመቷ ነው፤ ኮሌጅ ገብታለች። «እስቲ አናግሪያት፣ አንቺን ትሰማሻለች። ጋዜጣ ላይ የሰው ልጅ ትመክሪ የለ?» ተብዬ መካሪ ሆኜ ተሾምኩ።

ወገኖቼ፣ ነገሩ ሰይጣን አልነበረም፤ መጽሐፍ ነው። «ቱዋይላይት» ይባላል። ስቴፈኒ ሜየር የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተመችው የፍቅር ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉን ያላነበባችሁ በ2008 የወጣውን ፊልም ሳታዩት አልቀራችሁም። ቤላ የምትባል የ17 ዓመት ልጅ ከአባቷ ጋር ልትኖር ፎርክስ ወደምትባል ዝናብ የማያባራባት ከተማ ትመጣለች። እዚያ ትምህርት ቤት ኤድዋርድ የሚባል የቆንጆ ቆንጆ ልጅ ታያለች። ምን ዋጋ አለው፣ ልጁ ደም መጣጭ ነው! ፈረንጆቹ ቫምፓየር የሚሉት። ከ1918 ጀምሮ 17 ዓመቱ ነው፤ አያረጅም፣ አይተኛም። ይወዳታል፣ ደሟም ያምረዋል። መሳሙና መንከሱ አንድ አፍ ላይ ናቸው፤ ወጣቱን ያሳበደውም ይኸው ነው።

ፎርክስ የፈጠራ ከተማ እንዳትመስላችሁ። ከሲያትል በጀልባም በመኪናም ተብሎ አራት ሰዓት ያህል የምታስኬድ፣ በእንጨት ሥራ የኖረች ትንሽዬ ከተማ ናት። ዛሬ ግን የአንባቢ መሳለሚያ ሆናለች። በመጽሐፉ ቤላ የተወለደችው ሴፕቴምበር 13፣ በእኛ መስከረም 3 መሆኑ ነው፤ በየዓመቱ በዚያ ሰሞን አድናቂዎች ፎርክስ ላይ ተሰብስበው ያከብሩላታል። ላልተወለደች ልጅ ልደት! የእህቴም ልጅ ሄዳ ታውቃለች።

ሥዕሎቹስ ምንድናቸው? የመጽሐፍ ሽፋን ናቸው፤ ግን አሳታሚው ያወጣው ሳይሆን አንባቢዋ ራሷ የሠራችው። መጽሐፉን የወደደ ሰው «ለኔ ሽፋኑ እንዲህ ነው» ብሎ እንደገና ይሥለዋል። አንዱ በእርሳስ፣ አንዱ በቀለም፣ አንዱ በኮምፒውተር። እኔ ደግሞ በሆዴ «ምን አዲስ ነገር አለው?» አልኩ። እኛስ ልጅ ሆነን የፍቅር መጽሐፍ ስንዋዋስ ሽፋኑን በጋዜጣ ለብጠን አልነበር የምናነበው? እናት እንዳታይ! እኔማ አንዱን የደብተር ልባስ አልብሼ፣ ላዩ ላይ «ታሪክ፣ 9ኛ ክፍል» ብዬ ጽፌ፣ ከጥግ ጽጌረዳ ሣልኩበት። የታሪክ ደብተር ላይ ጽጌረዳ ምን ይሠራል? እናቴ በሁለት ቀን ነቃችብኝ። ጽጌረዳዋ ናት ያጋለጠችኝ።

ማታ እህቴ ሥራ ሄደች። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት የሌሊት ፈረቃ ነው የምትሠራው። እኔና ልጅቷ ሻይ አፍልተን አልጋዋ ላይ ቁጭ አልን።

«አክስቴ፣ አንቺም ሰይጣን ነው ልትዪኝ ነው?» አለችኝ።

«ኧረ አይደለም፤ አስረጂኝ» አልኳት።

መጀመሪያ ዋናዎቹን መጻሕፍት አወጣችልኝ። የመጀመሪያው ሽፋን በዓለም የታወቀ ነው፤ በጥቁር መደብ ላይ ሁለት የገረጡ እጆች ቀይ ፖም ይዘው ይዘረጋሉ። ፊት የለም፣ ደም የለም፣ ጥርስ የለም። ደራሲዋ ራሷ እንዳስረዳችው ፖሙ የተከለከለው ፍሬ ነው፤ መጽሐፉም የሚከፈተው ከኦሪት ዘፍጥረት በተወሰደ ቃል ነው። እዚያ ላይ ግን አላቆመችም። የስኖው ዋይትን የተመረዘ ፖም ታነሳለች፣ የግሪኮችንም የወርቅ ፖም። በመጨረሻ ለእሷ ሥዕሉ የሚናገረው ስለ ምርጫ ነው። ልብ በሉ፣ እጆቹ ፖሙን ወደ አፍ አልወሰዱትም። ይዘውታል፣ ይሰጣሉ። ለማን? ለአንቺ ነዋ፣ መጽሐፉን ለያዝሽው!

በ2006 የወጣው ሁለተኛው ሽፋን ነጭና ቀይ የተቀላቀለበት ቱሊፕ አበባ ነው፤ አንዲት የአበባው ቅጠል እንደ ደም ጠብታ ወድቃለች። በዚህ መጽሐፍ ቤላ በልደቷ ቀን የስጦታ ወረቀት ጣቷን ይቆርጣትና ነገሩ ሁሉ በዚያች ጠብታ ይበላሻል። አድናቂዎች ታዲያ «ይኸውላችሁ ደሟ!» ብለው ተረጎሙት። የሚያስቀው ነገር ደራሲዋ በቱሊፑ ምርጫ እጇ እንደሌለበትና ትርጉሙንም እንደማታውቀው ተናግራለች። እንግዲህ ፍቺው የአንባቢ ብቻ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። በ2007 የወጣው ሦስተኛው ላይ የሚበጠስ ቀይ ሪባን አለ፤ ቤላ ከሰውነት ሕይወቷ ጨርሳ መላቀቅ ያለመቻሏ ምልክት ነው። የ2008ቱ አራተኛው ላይ የቼዝ ሰሌዳ፤ ከፊት ነጭ ንግሥት፣ ከኋላ ቀይ ወታደር። ከሁሉ ደካማ የነበረችው ልጅ ከሁሉ ብርቱ ሆነች ለማለት ነው።

ይህ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ እንዴት እንደሠራላቸው ለማወቅ አንድ ነገር ልጨምር። በ2009 የኤሚሊ ብሮንቴን «ዉዘሪንግ ሃይትስ»፣ ከ1847 ጀምሮ ሲነበብ የኖረውን መጽሐፍ፣ ልክ እንደ «ቱዋይላይት» ጥቁር አልብሰው፣ «የቤላና የኤድዋርድ ተወዳጅ መጽሐፍ» የሚል አክለው ገበያ አወጡት። ምስኪን ብሮንቴ!

የእህቴ ልጅ ሥራ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። እጆቹ የያዙት ፖም አይደለም፤ በለስ ነው!

«ለምን?» አልኳት።

«አክስቴ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ዕፀ በለስ እያሉ አስተምረውኝ እንዴት ፖም ልሣል?»

ደነገጥኩ፣ ደስም አለኝ። እውነቷን ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ላይ የፍሬው ስም አልተጻፈም። ፖም ያደረጉት ምዕራባውያኑ ናቸው፤ በላቲን «ክፉ» እና «ፖም» የሚሉት ቃላት መመሳሰላቸው ለዚህ ሳይረዳ አልቀረም ይባላል። እኛ ዘንድ ግን ዕፀ በለስ ነው። አዳምና ሔዋን ዕርቃናቸውን የሸፈኑትም በበለስ ቅጠል ነው። ደግሞ እንደ ፍሬም ካየነው በለስ ይሻላል። ፖም ላዩ ቀይ ነው፣ ከሩቅ ይጣራል። በለስ ከላይ ድፍን ነው፣ ምንም አይናገርም፤ ስትከፍቺው ነው ሥጋ የመሰለ ቀይ የሚወጣው። እሷ ደግሞ ከፍታ ነው የሣለችው። የዋናው ሽፋን እጆች ገና እየሰጡ ነው፤ የሷ እጆች ግን ፍሬውን ከፍለውታል። ምርጫው አልቋል። (ደራሲዋም በ2020 ታሪኩን በኤድዋርድ በኩል እንደገና ስታወጣው ሽፋኑ ላይ የተከፈለ ሮማን ነው ያለው። በግሪኮች ተረት የሙታን ንጉሥ የጠለፋት ፐርሰፎኔ፣ ሮማን በመቅመሷ ብቻ ከዚያ አገር ጨርሳ መውጣት የተከለከለችበት ሮማን!)

ቱሊፑን በአደይ አበባ ተክታዋለች። ይሄኛውን አልወደድኩትም። አደይ ያለ ቢጫዋ ምኗ አደይ ነው? ነገርኳት፤ አኮረፈች፤ አለፍነው።

ሪባኑ የነጠላ ጥለት ሆኗል። ነጩ ሸማ ዳር ላይ ቀዩ ጥለት ተተርትሮ በአንዲት ክር ተንጠልጥሏል። «ይሄ እኮ የአያቴ ነጠላ ነው፣ አላወቅሽውም?» አለችኝ። የእናቴ ነጠላ! ለቤላ «የሰውነት ሕይወት» ማለት አባቷ፣ እናቷና አሮጌ መኪናዋ ናቸው። ለዚህች ልጅ ደግሞ በሰባት ዓመቷ ትታት የመጣችው አያቷ። ጥለቱ ይበጠሳል ወይስ አይበጠስም የሚለውን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

«ቼዙስ?» አልኳት ዓይኔን እየጠረግሁ።

«ቼዝ አልችልም አክስቴ!» ብላ ሳቀች።

ወታደሯ ንግሥት የምትሆንበት ሽፋን እዚያ ግድግዳ ላይ የለም ማለት ነው። በሱ ፈንታ ያለው መስኮቱ ነው። ይሄ ከየትኛውም ሽፋን አልተወሰደም፤ የራሷ ነው። ጥቁር ግድግዳ፣ ፎቅ ላይ አንድ የበራ መስኮት፣ ገርበብ ያለ ቀይ መጋረጃ፣ በመጋረጃው ክፍተት ደግሞ ከአልጋ ላይ የተንጠለጠለ የሴት እጅ። ተኝታለች። በሥዕልነቱ ከአራቱ ይሄ ይበልጣል። ለረጅም ጊዜ አየሁት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሽፋን ስታዩ መጀመሪያ «ይሄ የምን ምልክት ነው?» አትበሉ። «እኔ የት ቆሜ ነው የማየው?» በሉ። ፖሙን ስታዪ ፊት ለፊት ነሽ፤ የሚሰጥሽ አለ። ይሄ መስኮት ግን የሚታየው ከታች ነው፣ ከውጭ፣ ከጨለማ። የሚያየው ሰው ደጅ ቆሟል። ልጅቷ አታየውም።

«ማነው የሚያያት?» አልኳት።

«ኤድዋርድ ነዋ!»

ልክ ናት፣ ኤድዋርድ እንደዚያ ያደርጋል። ቤላ ሳታውቅ ማታ ማታ ክፍሏ እየገባ ስትተኛ ያያታል። ስትሰማ እንኳ ከመቆጣት ይልቅ ደስ ይላታል። ስንቷ አንባቢ እዚህ ቦታ ላይ ልቧ ቀልጧል! ስንቷ ደግሞ «እንዴ! ይሄ ፍቅር ነው ሌብነት?» ብላ ተከራክራለች። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። ለምን ብትሉኝ፣ ወደ አሮጌው ደም መጣጭ ልመልሳችሁ። ብራም ስቶከር በ1897 ያሳተመው «ድራኩላ» ውስጥ (የመጀመሪያው እትም ሽፋን ቢጫ ነበር፣ በቀይ ፊደል) ደም መጣጩ ከቤቱ ሰው አንዱ ካልጋበዘው ደጃፍ መርገጥ አይችልም። ያ አውሬ፣ ያ ክፉ፣ «ግባ» እስኪባል ይጠብቃል! የሜየር ደም መጣጮች ይህ ሕግ የለባቸውም። መስቀል አያስበረግጋቸውም፣ ፀሐይ ሲያገኛቸው እንደ አልማዝ ያብለጨልጫሉ እንጂ አይቃጠሉም፣ ለመግባትም ፈቃድ አይጠይቁም። ስለዚህ በዚያ ሥዕል ውስጥ እኔን ያስጨነቀኝ ቀዩ መጋረጃ አይደለም፤ መጋረጃውን ማን እንደገለጠው አለመታወቁ ነው።

ይህንኑ ጠየቅኳት። «መስኮቱን ማን ከፈተው? እሷ ናት ወይስ እሱ?»

ዝም አለች። ሻይዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ቆይታ «አክስቴ፣ ለእማዬ ትነግሪያታለሽ?» አለችኝ።

ይሄን ጊዜ ሥዕሉ የኤድዋርድ እንዳልሆነ ገባኝ።

ጓደኛ ይዛለች። 23 ዓመቱ ነው። እህቴ የሌሊት ሥራ ስትሄድ መኪናውን ከቤቱ ፊት ለፊት አቁሞ ይቀመጣል። መብራቷ እስኪጠፋ፣ አንዳንዴም ከጠፋ በኋላ። ሌሊት ውሃ ልትጠጣ ተነስታ መብራት ካበራች ስልኳ ይጮሃል። «ለምን ነቃሽ? ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር፤ «እንዲህ የሚጠብቀኝ ሰው አለ» ብላ ነው ሥዕሉን የጀመረችው። አንድ ቀን የጓደኛዋ ልደት ላይ ልትሄድ ስትል የመኪናዋን ቁልፍ «በስህተት» ኪሱ ከቶት ሄደ።

«ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ኤድዋርድ፣ ቤላ ጓደኛዋ ጋ እንዳትሄድ ብሎ ከመኪናዋ ሞተር ዕቃ ነቅሎ የለ?» አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

መቼም መዋሸት አልችልም። እኛም ልጅ ሆነን፣ የሰፈር ወንድ አጥር ጥግ ቆሞ ካላመሸ «ወደደኝ» አንልም ነበር። እኔም ነበረኝ፤ ከበራችን ማዶ ካለው የስልክ እንጨት ሥር የሚቆም። ይህን ስነግራት «ታዲያ ምን ልዩነት አለው?» ብላ አፋጠጠችኝ። መልስ አጣሁ። ተኝቼም ሳስበው አደርኩ። ያ ልጅ የሚቆመው እኔ የማየው ቦታ ላይ ነበር። አባቴ ሲወጣ ይሮጣል። አንድ ቀን ተናድጄ «ሁለተኛ እዚህ እንዳትቆም!» ስለው ቀረ። እውነቴን ነው፣ በማግስቱ ቀረ። (ለምን ቀረ ብዬ ሳምንት ሙሉ አልቅሻለሁ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው!)

በማግስቱ ማታ «እስቲ አትምጣ በዪው» አልኳት። «አክስቴ መጥታለች፣ ዛሬ አትምጣ፣ መተኛት እፈልጋለሁ» ብላ በስልኳ ጻፈችለት። «እሺ የኔ ፍቅር» የሚል መልስ መጣ። «አየሽ!» አለችኝ ፊቷ በርቶ። መብራት አጥፍተን ከመጋረጃው ኋላ ቆምን።

ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ20 ላይ መኪናው መጣ። የፊት መብራቱን አጥፍቶ ነው የመጣው።

በጨለማ እጄን ያዘችኝ። እጇ በረዶ ሆኗል። እህቴ «የሬሳ እጅ» ያለችው ትዝ አለኝ።

ምን አደረጋችሁ ትሉኛላችሁ። ወደ መኪናው አልወረድንም። ይህን የምላችሁ ተመሳሳይ ነገር ያለባችሁ አንባቢዎች እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው፤ «ወርጄ ላናግረው» እንዳትሉ፣ በተለይ ብቻችሁን። መኪናውን ከነሰሌዳው በስልክ ፎቶ አነሳነው፣ ሰዓቱን ጻፍን። የላከላትን መልእክት ሁሉ ልታጠፋ ስትል ከለከልኳት፤ ነገ ይፈለጋል። ከዚያ «ለእናትሽ ደውዪ» አልኳት። «አልናገርም» ብያት ነበር? አላልኳትም፤ ግን ከኔ አፍ እንዲወጣም አልፈለግሁም። ራሷ ደወለች። እህቴ ጩኸቷን ትለቃለች ብዬ ስጠብቅ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በሩ ተቆልፏል?»

ሥራዋን አስፈቅዳ በግማሽ ሰዓት ደረሰች። የሷ መኪና ሲታጠፍ የልጁ መኪና ሄደ። ለካ ጎረቤቷ «ይሄ ሌሊት ሌሊት የሚቆመው መኪና የማን ነው?» ብላ ጠይቃት ነበር። እህቴ ታክሲ መስሏት!

ልጁ በቀላሉ አልተወም። አበባ ላከ፣ አለቀሰ፣ «ራሴን እጎዳለሁ» አለ። ይሄኛው እሷን በጣም አስጨንቋት ነበር። እኔ ግን «እንዲህ ሲል ለቤተሰቡ ይነገራል እንጂ አንቺ መድኃኒቱ አይደለሽም» አልኳት። እህቴ ለልጁ አባት ደወለች። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሰሙ፣ አዘኑ። ልጁ ግን ሁለት ጊዜ ደግሞ መጥቶ ቆመ። በሁለተኛው እህቴ በሃምሳውም የአሜሪካ ግዛቶች ሰውን እየተከታተሉ ማስጨነቅ ወንጀል መሆኑን፣ ፎቶውም መልእክቱም እጇ ላይ እንዳለ ለአባትየው ደግማ ነገረቻቸው። ከዚያ ቆመ።

ልጅቷ አንዳንድ ቀን ይናፍቃታል፤ አልደብቃችሁም። መጽሐፎቹንም አልጣለችም። በስልክ ስንገናኝ አሁንም እንከራከራለን። «ኤድዋርድ ግን ሌላ ነው» ትለኛለች፣ «እሱ በሁለተኛው መጽሐፍ ለሷ ደኅንነት ሲል ትቷት ሄዷል።» «ሳያማክራት ነው የሄደው!» እላለሁ እኔ። «አንቺ ፍቅር አይገባሽም» ትላለች። ይሁን።

መስኮቱን ከግድግዳ አውርዳ አልጋዋ ሥር ከታዋለች። ጥለቱ እንዳለ ነው። አደይዋ ቢጫ ተቀብታለች፤ ምክሬን ሰምታ ሳይሆን ደብሯት ነው አሉ።

ባለፈው ሰሞን እህቴ የቤቷን ሳሎን በቪዲዮ ስታሳየኝ ከቴሌቪዥኑ በላይ ምን ባይ ጥሩ ነው? ሁለቱ የገረጡ እጆች፣ ጥቁሩ መደብ፣ የተከፈለው ቀይ ፍሬ።

«እንዴ! ሰይጣኑን ሳሎን ሰቀልሽው?» አልኳት።

«ተይ እንግዲህ አንቺ ደሞ» አለችኝ፣ «እሱ እኮ በለስ ነው!»